የስሜን ውሻ፤ የጠፋ እንስሳ ፍለጋ ከካርቱም ሜዳ እስከ ስሜን ተራራ

ሀ. ከንባብ በፊት

ወደ ምንባቡ ከመግባታችሁ አስቀድሞ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ውሻ ሲጠፋ ባለቤቱ ምን ያደርጋል? ማንንስ ይጠይቃል?
2. «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር መቼና ለምን ይነገራል?
3. ቀይ ቀበሮ የሚባለውን እንስሳ በአካል ወይም በሥዕል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከውሻ ጋር የሚያመሳስለውና ከውሻ የሚለየው ምንድን ነው?

ለ. ምንባብ

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 380 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ በዙሪያዋ ያለው ምድር ዐይን እስከሚያይ ድረስ ሜዳ ነው። በአካባቢው ተራራ ተብሎ የሚጠራ ነገር ቢኖር ከኦምዱርማን በስተሰሜን ያሉት የከረሪ ኮረብታዎችና ከከተማይቱ በስተደቡብ የሚገኘው ጀበል አውሊያ ናቸው። ስለዚህ በካርቱም ውሻ የጠፋበት ሰው ወደ ተራራ አይወጣም። በየመንገዱ እየዞረ የውሻውን ስም ይጠራል፤ ባለሱቁን፣ ዘበኛውን፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላውን ሴት ይጠይቃል። ውሻውም ርቆ ካልሄደ፣ ወይ ድምፅ ሰምቶ ወይ ሽታ ተከትሎ ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ተብሎ በሚጠራው ሠራዊት መካከል በዚህች ከተማ ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ግን ይህ ልማድ ተገለበጠ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የጠፋው ውሻው ሳይሆን ሰው ነበር። ነዋሪዎች የሚይዙትን ይዘው፣ የማይዙትን ትተው ከከተማይቱ ወጡ። ከፊሎቹ ወደ ሰሜን ወደ ግብፅ፣ ከፊሎቹ ወደ ምዕራብ ወደ ቻድ፣ ከፊሎቹም በገዳሪፍ በኩል አድርገው ወደ መተማና ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። በመተማ በኩል ከገቡት መካከል ለብዙ ዓመታት በካርቱም ሠርተው የኖሩ ኢትዮጵያውያን ይገኙ ነበር። ልጅ አዝሎ፣ ሻንጣ ተሸክሞ ለሚሸሽ ሰው ውሻን ወይም ድመትን ይዞ መጓዝ የማይሞከር ነገር በመሆኑ፣ ብዙ የቤት እንስሳት በየግቢው ቀሩ።

በካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የደረሰበት ጉዳት የዚህን ነገር ክብደት ያሳያል። ሙዚየሙ ከጦርነቱ በፊት አዞዎችን፣ እባቦችን፣ ጦጣዎችንና ወፎችን በሕይወት ይዞ ለተማሪዎችና ለጎብኚዎች ያሳይ ነበር። ውጊያው በመሀል ከተማ በተፋፋመ ጊዜ ጠባቂዎቹ ምግብና ውኃ ሊያደርሱላቸው አልቻሉም፤ እንስሳቱም በተዘጋባቸው ቤት ውስጥ እንዳሉ አለቁ። በአንጻሩ፣ ከከተማይቱ በስተደቡብ በሚገኝ አንድ የእንስሳት መጠለያ የነበሩ አንበሶች በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ከውጊያው ቀጣና ወጥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ተወሰዱ። የሁለቱ ዕጣ መለያየት አንድ ነገር ያስገነዝባል። በሰው እጅ የወደቀ እንስሳ የሚድነው ጉልበት ስላለው አይደለም፤ ፈላጊ ሰው ሲኖረውና ፈላጊውም ሊደርስበት ሲችል ብቻ ነው።

ከካርቱም ወደ መተማ ያደረሰው የስደተኞች መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል ጎንደር ይደርሳል። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደግሞ ደባርቅ ይገባል። ከደባርቅ ባሻገር ያለው አገር ስሜን ነው። እዚያ የካርቱም ሜዳና ሙቀት ፈጽሞ የለም። ገደሉ ጥልቅ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የራስ ደጀን ተራራ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በአምባው ላይ ጓሳና ጅብራ ይበቅላል፤ በገደሉ አፋፍ ዋልያና ጭላዳ ይሰማራሉ። በዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ለብዙ ዘመን ሲፈለግ የኖረ አንድ እንስሳ አለ፤ እርሱም ቀይ ቀበሮ ነው።

ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀው በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ ስሜን የመጣው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ነው። የሰጠው የሳይንስ ስም «ካኒስ ሲመንሲስ» የሚል ነበር። በላቲን ቋንቋ «ካኒስ» ማለት ውሻ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ በቀጥታ ሲፈታ «የስሜን ውሻ» ይሆናል። ይህም ያለ ምክንያት የተሰጠ ስም አይደለም። ኋላ የተደረጉት የዘር ምርመራዎች እንዳረጋገጡት፣ እንስሳው ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለተኵላና ለውሻ ይቀርባል። በባሌ የሚኖሩ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ደግሞ «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር አይገኝም። በኢትዮጵያም ውስጥ ቢሆን የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው ጥቂት ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ከመካከላቸው ዋና ዋናዎቹ የስሜን፣ የባሌና የአርሲ ተራሮች፣ እንዲሁም የመንዝ ጓሳና የደቡብ ወሎ ከፍተኛ ሥፍራዎች ናቸው። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ቍጥር በጠቅላላው ከ500 በታች ሲሆን፣ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ። በጎጃም ጮቄ ተራራ ይኖሩ የነበሩት ግን ጠፍተዋል።

የእንስሳው አኗኗር ትኵረት የሚስብ ነው። የሚመገበው በአመዛኙ ፍልፈልንና ሌሎች የአይጥ ወገኖችን ነው። ስለዚህም ለአደን ጓደኛ አያስፈልገውም፤ ቀን ቀን ለብቻው እየዞረ ጕድጓድ ለጕድጓድ ያደባል። ማኅበራዊ ኑሮው ግን የጠበቀ ነው። ከጥቂት እስከ ዐሥር የሚደርሱና አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጡ ቀበሮዎች በአንድ መንጋ ሆነው አንድ ግዛት ይይዛሉ። ማለዳና ማታ ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርሳቸው እየተሻሹና እየላሱ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ የግዛታቸውን ወሰን በአንድነት ይጠብቃሉ። በመንጋው ውስጥ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ብቻ ስትሆን፣ ቡችሎቹን ግን ሁሉም ያሳድጓቸዋል።

በተራራ ላይ መጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአንድ እንስሳ መጥፋት ነው፤ ይህም ከመንጋው ተለይቶ፣ ቈስሎ ወይም ታሞ የት እንደ ገባ አለመታወቅ ነው። ሁለተኛው ግን የዘር መጥፋት ነው። የመጀመሪያው ፍለጋ በእግር፣ በዐይንና በጆሮ ይካሄዳል። ሁለተኛው ፍለጋ ከዚህ የተለየ ነው፤ ከጠፋ በኋላ ሳይሆን ከመጥፋቱ በፊት መጀመር አለበት። ምክንያቱም አንድ ጊዜ ፈጽሞ የጠፋ ዘር ቢጠራ አይሰማም፣ ቢፈለግም አይገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2020 በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት ተመትቶ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። ይህ ሁኔታ የተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞችን ከአስቸጋሪ ውሳኔ ላይ ጣላቸው። የዱር እንስሳ ሲቈስል በተለምዶ ለተፈጥሮ ይተዋል። ተይዞ ቢታከም፣ ሰውን ለምዶ የዱር ጠባዩን ሊረሳ ይችላል፤ ሲመለስም መንጋው አልቀበልም ሊለው ይችላል፤ ወይም በድንጋጤ ብቻ ሊሞት ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በስሜን የሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች ከመቶ የማይሞሉ በመሆናቸው፣ የአንዱ ሞት የአንድ ብቻ ሞት ሆኖ አይቀርም። በመጨረሻም ሠራተኞቹ ቀበሮውን ይዘው ለማከም ወሰኑ። ከዚያ በፊት በቀይ ቀበሮ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቶ አያውቅም ነበር።

ቀበሮው በተራራው ላይ በተዘጋጀለት ጊዜያዊ መጠለያ ውስጥ ለ51 ቀናት ያህል በሐኪሞችና በጠባቂዎች እጅ ቈየ። የተሰበረው አጥንት ገጠመ፤ ቍስሉም ሻረ። ከሞት አፋፍ በመመለሱም «ተረፈ» የሚል ስም ወጣለት። ሲለቀቅ ያለበትን ሥፍራ በሳተላይት አማካይነት የሚጠቁም መሣሪያ በአንገቱ ላይ ታሰረለት። ድሮ ቢሆን ጠባቂ ከአምባ ወደ አምባ እየወጣ፣ በጭጋግ ውስጥ እየተንከራተተ ይፈልገው የነበረውን እንስሳ፣ አሁን መሣሪያው ራሱ የደረሰበትን ይናገር ጀመር።

ተረፈ ከቀድሞ መንጋው ጋር ለመኖር አልጸናም። ከለመደው ግዛት ወጥቶ ብቻውን ረጅም ጕዞ ተጓዘ። ወደ መንደሮች አቅራቢያም ይደርስ ስለ ነበር ተከታታዮቹ ሠጉ። በመንደር ውሾች አሉ፤ በጎቹን የሚጠብቅ ሰውም ቀበሮን በበጎ ዐይን ላያይ ይችላል። የሆነው ግን ከሥጋታቸው የተለየ ነበር። ተረፈ ውሎ አድሮ ከአንዲት ሴት ቀበሮ ጋር ተጣምሮ ግዛት ያዘ፤ ቡችሎችም አፈሩ። ሊሞት ተቃርቦ የነበረው አንድ ቀበሮ አዲስ መንጋ መሠረተ ማለት ነው። የስሜን ቀበሮዎች ቍጥር ጥቂት በመሆኑ ይህ ውጤት ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይደለም።

በተራራ ላይ ሰውና ውሻ መፈላለጋቸው በሌላም አገር የታወቀ ነው። በስዊስና በኢጣልያ ድንበር በሚገኘው በታላቁ ቅዱስ በርናርድ መተላለፊያ፣ ገዳማውያን ያሳደጓቸው ውሾች በበረዶ የተቀበሩ መንገደኞችን በሽታ እየለዩ ያወጡ ነበር። ከእነዚህ መካከል በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የኖረው ባሪ የተባለው ውሻ እጅግ ታዋቂ ሆኗል፤ ቆዳው ተሞልቶ እስከ ዛሬ በበርን ከተማ ሙዚየም ይታያል። በአልፕስ ውሻ ሰውን ፈለገ፤ በስሜን ደግሞ ሰው «የስሜን ውሻ» የተባለውን ፈለገ። በሁለቱም ዘንድ የፈላጊው ፍጥነትና ትዕግሥት የተፈላጊውን ሕይወት ወሰነ።

ይሁን እንጂ ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይበልጥ የሚያሠጋው ሌላ ጠላት አለ። ይህም ጠላት የሚመጣው በአብዛኛው ከጠፋ ውሻ ጋር ነው። በደጋ የሚኖር እረኛ ከብቱንና በጎቹን ከጅብና ከነብር የሚጠብቅለት ውሻ ያስፈልገዋል። ውሻው ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሹ ይወጣል። ባለቤቱ ሳያስተውለው ርቆ ሲሄድ፣ ምግብ ፍለጋ በአምባው ላይ ሲባዝን፣ ከቀበሮዎች ግዛት ይገባል። ያልተከተበ ከሆነም የእብድ ውሻ በሽታን ወይም ዲስቴምፐር የተባለውን በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ አንድ የባዘነ ውሻ በቀደደው ቀዳዳ በሽታው ወደ መላው መንጋ ይገባል።

ቀደም ሲል የተገለጸው የቀይ ቀበሮ ማኅበራዊ ጠባይ በዚህ ጊዜ በራሱ ላይ ይመለስበታል። ማለዳና ማታ እየተሻሹ ሰላምታ የሚለዋወጡ እንስሳት በሽታውንም ይለዋወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ ተራሮች በተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ፣ በተመራማሪዎች ክትትል ሥር ከነበሩት መንጋዎች አብዛኞቹ አባላት አልቀዋል። በሽታው በ2003፣ በ2008 እና በ2014ም እንደገና ተነሥቷል። ዲስቴምፐር ደግሞ በ2006 እና በ2010 ብዙ ቀበሮዎችን ገድሏል። በአንድ ተራራ ላይ ከመቶ የማይበልጥ ቍጥር ላለው ዘር እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ሁለት ጊዜ ቢደጋገም የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ በሁለት በኩል ይፈለጋል። በአንድ በኩል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በባሌ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬዎች ውሾች በየዓመቱ ሲከተቡ ቈይተዋል። በሌላ በኩል ቀበሮዎቹን ራሳቸውን መከተብ አስፈለገ። የዱር እንስሳን አንድ በአንድ ይዞ መርፌ መውጋት አድካሚ ስለሆነ፣ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ቀበሮዎቹ በሚዘዋወሩበት ሥፍራ እንዲቀመጥላቸው ተደረገ። ከብዙ ሙከራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ ዘዴ በባሌ በመደበኛ ሥራ ላይ ዋለ። ቀበሮው ሥጋውን ሲያኝክ ክትባቱ በአፉ ይገባል፤ ማንም ሳይነካው ከበሽታው ይጠበቃል።

የእብድ ውሻ በሽታ የቀበሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ እጁ በውሻ አማካይነት ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየ ማዳን የማይቻል ያህል ነው። በውሻ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 በእብድ ውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ ግን፣ ከበሽታው የሚጠብቅ ዘዴ ታውቋል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባቱን መጀመርና መጨረስ አለበት። «ትንሽ ጭረት ነው» ብሎ መተው ሕይወትን ያሳጣል። በአንድ አካባቢ ከሚገኙት ውሾች ከመቶ ሰባው ያህሉ ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል።

እንግዲህ ውሻ ሲጠፋበት በየአምባው እየዞረ የሚጣራው እረኛ የሚፈልገው የራሱን ንብረት ብቻ አይደለም። ውሻውን አግኝቶ ሲመልስ፣ ባለማወቅም ቢሆን ቀይ ቀበሮን ይጠብቃል፤ የጎረቤቱን ልጅም ይጠብቃል። ውሻውን አስከትቦ ያሰማራ እንደ ሆነ ደግሞ ገና ሳይጠፋ ፈልጎታል ማለት ይቻላል። ተወቃሹ ግን እረኛው ብቻ ሊሆን አይገባም። ክትባቱ እስከ ደጋው መንደር ካልደረሰለት ውሻውን ከምን ያስከትበዋል? ያለ ውሻስ በጎቹን ከጅብ በምን ይጠብቃል?

ጦርነት ሰውን ካፈናቀለ፣ የቤት እንስሳትን የሚመግብና የሚያስከትብ አይኖርም። በካርቱም ግቢዎች የቀሩት ውሾችም በስሜን አምባ ላይ እንደሚባዝነው ውሻ ባለቤት አልባ ሆነዋል። የሱዳን ጦር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ካርቱምን መልሶ መያዙን ካስታወቀ በኋላ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማይቱ ተመልሰዋል። ከስደት የተመለሰ ሰው ቤቱ ሲደርስ መጀመሪያ የሚመለከተው በሩንና ጣራውን ነው። ቀጥሎም በግቢው ትቶት የሄደውን ውሻ በስሙ ይጠራል። ለጥሪው መልስ ቢያገኝም ባያገኝም፣ መጣራቱ ራሱ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ሰው ያለማመደውን እንስሳ ኀላፊነት በልቡ እንደሚሸከም።

ሐ. የቃላት ጥናት

በ«ሀ» ሥር የተዘረዘሩትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ መሠረት በ«ለ» ሥር ከሚገኙት ፍቺዎች ጋር አዛምዱ።

«ሀ»
1. ተቈረቈረ
2. አፋፍ
3. ባዘነ
4. ቀጣና
5. አደባ
6. ሻረ
7. ዕጣ

«ለ»
ሀ. ያለ ዓላማና ያለ ጠባቂ ወዲያ ወዲህ አለ
ለ. ቍስል ዳነ፣ ጠገገ
ሐ. ከተማ ተመሠረተ
መ. የገደል ጠርዝ
ሠ. የሚደርስ ዕድል፣ ፍጻሜ
ረ. አንድ ነገር የሚፈጸምበት ወይም የሚካሄድበት አካባቢ
ሰ. ለመያዝ ተሸሽጎ ጠበቀ

መ. የመረዳት ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. በጦርነቱ ጊዜ «የጠፋው ውሻው ሳይሆን ሰው ነበር» ሲባል ምን ማለት ነው?
2. በካርቱም የሙዚየሙ እንስሳትና የመጠለያው አንበሶች ዕጣ የተለያየው ለምንድን ነው?
3. «ካኒስ ሲመንሲስ» የሚለው ስም ከምንባቡ ርእስ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
4. ቀይ ቀበሮ ለብቻው እያደነ በመንጋ የሚኖረው ለምን ይመስላችኋል? ከምንባቡ ማስረጃ ጥቀሱ።
5. ምንባቡ ሁለት ዓይነት «መጥፋት» ይጠቅሳል። ልዩነታቸውን አብራሩ።
6. የተፈጥሮ ጥበቃ ሠራተኞቹ የቈሰለውን ቀበሮ ለማከም ከመወሰናቸው በፊት ምን ምን ያሠጋቸው ነበር?
7. የቀይ ቀበሮ ማኅበራዊ ጠባይ በወረርሽኝ ጊዜ ጕዳት የሚያስከትለው እንዴት ነው?
8. በውሻ የተነከሰ ሰው ምን ምን ማድረግ አለበት? በቅደም ተከተል ጻፉ።

ሠ. ሰዋስው፤ ከግሥ የሚወጡ የተጸውዖ ስሞች

በምንባቡ ውስጥ የቀበሮው ስም የሆነው «ተረፈ» የኀላፊ ጊዜ ግሥ ነው። በአማርኛ ብዙ የሰው ስሞች እንዲሁ ሙሉ ግሥ ናቸው፤ ስለዚህም ስሙ ሲጠራ አንድ ሙሉ ሐሳብ ይነገራል። ስም አውጪው የደረሰበትን ነገር፣ ምኞቱን ወይም ምስጋናውን በግሡ ይገልጻል።

ምሳሌ፦ ታደሰ (ኀላፊ ጊዜ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ ወንድ)
ይበልጣል (የማያልቅ ወይም የትንቢት ጊዜ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ ወንድ)

1. ከምታውቋቸው ስሞች መካከል ከግሥ የወጡ ስድስት ስሞች ጻፉ፤ የእያንዳንዱንም ጊዜና መደብ ለዩ።
2. ከእነዚህ መካከል ምኞትን የሚገልጹትንና የሆነውን ነገር የሚገልጹትን ለያይታችሁ በሠንጠረዥ አስቀምጡ።
3. «ተረፈ» የሚለውን ስም በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ አግቡ። በመጀመሪያው ስም፣ በሁለተኛው ግሥ ሆኖ ይግባ።

ረ. ክርክርና ጽሕፈት

1. ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፍሎ «ቀይ ቀበሮ በሚኖርበት ተራራ ላይ እረኛ ውሻ ይዞ መውጣት የለበትም» በሚለው ሐሳብ ላይ ይከራከር። አንደኛው ቡድን ደጋፊ፣ ሁለተኛው ተቃዋሚ ይሁን። ሁለቱም ቡድኖች የእረኛውን ችግርና የእንስሳውን አደጋ ከግምት ያስገቡ።
2. ምንባቡን ከመቶ ኀምሳ በማይበልጡ ቃላት አሳጥራችሁ ጻፉ። ዋናውን ሐሳብ አትልቀቁ፤ የምንባቡንም ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ አትቅዱ።
3. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ጠፍቶ የተፈለገ አንድ እንስሳ ታሪክ ከሽማግሌ ወይም ከእረኛ ጠይቃችሁ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ እንስሳው እንዴት እንደ ጠፋ፣ በሁለተኛው ፍለጋው እንዴት እንደ ተካሄደ፣ በሦስተኛው መጨረሻው ምን እንደ ሆነ ግለጹ።